ልጄን እየመለሱ የሚያመጡልኝ ፖሊሶች

ለፖሊሶች በሚሰጥ ስልጠና ላይ እንድናገር ስጠራ ደነገጥኩ። የነገረችኝ የቀበሌያችን ሠራተኛ ናት። «ምንም አይደለም፣ ስለ ልጅሽ ብቻ ትነግሪያቸዋለሽ» አለችኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ቤት የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ አማርኛዬ የገበያና የቢሮ አማርኛ ነው። ፖሊስ ፊት ቆሜ መናገር ቀርቶ በጣቢያው በር ላለማለፍ መንገድ የምቀይር ሴት ነኝ። ቢሆንም ለልጄ ብዬ ሄድኩ።

ልጄ ሃያ ዓመት አልፎታል። መናገር አይሆንለትም፤ ነገርም ቶሎ አይገባውም። ደስ ሲለው ያንጎራጉራል። ሲፈራ ይስቃል። መንገድ ግን አይጠፋውም። ከቤታችን ተነስቶ ሶዶ ገበያ ድረስ ብቻውን ይሄዳል። እዚያ አቮካዶና ማንጎ ለምትሸጥ ሴት ሳጥን ከመኪና ያወርዳል፤ ሲመሽ ይመለሳል። ሥራውን የፈለግኩለት እኔ አይደለሁም። አንድ ቀን ራሱ ሳጥን ተሸክሞ ተከተላት፤ እሷም አልከለከለችውም።

ከስልጠናው በፊት በነበረው ክረምት መናኸሪያው አጠገብ አንድ ፖሊስ አስቆመው። ስሙን ጠየቀው፤ ዝም አለ። መታወቂያ ሲለው ሳቀ። ፖሊሱ የናቀው መስሎት በጥፊ መታው፤ ጣቢያ ወስደውም እስኪመሽ አቆዩት። ባለ ማንጎዋ ሴት ሰው ባትልክብኝ የት እንደገባ አላውቅም ነበር። ስደርስ ሱሪው ላይ ሸንቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ እየሳቀ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ ከቤት በወጣ ቁጥር እኔ ሥራ አይያዝልኝም። ጎደሬ ልልጥ እቀመጣለሁ፣ ቢላዋውን እንደያዝኩ መንገዱን አያለሁ።

የስልጠናው አሠልጣኝ ከሌላ ከተማ የመጣች ወጣት ነበረች። አትጩሁ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ መልሱን ታግሳችሁ ጠብቁ፣ ከኋላ መጥታችሁ አትያዙ፣ ቤተሰቡን ፈልጉ አለቻቸው። ከዚያ አንዱ መናገር የማይችል ሰው ሆኖ እንዲጫወት፣ ሌላው እንዲያነጋግረው አዘዘች። አንድ ግዙፍ ፖሊስ ተነሳ። አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አንጋጦ መንገዳገድ ጀመረ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ይሄማ መች ጨዋታ ሆነ፤ ቤትህም እንዲሁ ነህ!» አለው አንዱ ከኋላ።

«ሚስቱ ደሞዝ ስትጠይቀው ነው እንዲህ የሚሆነው» አለ ሌላው።

አሠልጣኟ ተቆጣች። እኔ አልተቆጣሁም። ሰው ልጄን እንዲያ አስመስሎ ሲጫወት ሳይ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል።

ተራዬ ደርሶ ስቆም ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። «ልጄ የሚስቀው ፈርቶ ነው» አልኳቸው። «አትምቱብኝ። ስታገኙት ወደ እኔ አምጡልኝ። በእግዚአብሔር ፊት አደራ ብያችኋለሁ።» ፎቶውን ከስልኬ አውጥቼ እየዞርኩ አሳየኋቸው። ያ ግዙፉ ሰውዬ ስልኩን ተቀብሎ ብዙ አየው። ሲመልስልኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

«እሺ እናቴ፤ አደራዎን ተቀብለናል» አለኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ የፖሊስ ፒካፕ በራችን ላይ ቆመ። ቢላዋዬን ጥዬ ወጣሁ። ግዙፉ ፖሊስ ከጋቢና ወርዶ «እናቴ፣ አይደንግጡ፤ አደራዎን ይዘን መጥተናል» አለኝ። ልጄ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ወደ ገበያ ሲሄድ አግኝተውት ነው።

«አዩት እንዴት ደስ እንዳለው! መንገዱን በሙሉ ሲስቅ ነው የመጣው» አለ ፖሊሱ።

ምን ልበለው? ያን ሁሉ መንገድ የነዳው ለእኔ ብሎ ነው። እግዚአብሔር ይስጥህ ብዬ ሸኘሁት።

እንዲህ እያሉ ያመጡት ጀመር። አንዳንዴ በመኪና፣ አንዳንዴ ባጃጅ አስቁመው፣ አንዳንዴም እጁን ይዘው በእግር። አልተቆጡትም፣ አልገፉትም። ጎረቤቴ ከአጥር ወዲያ ሆና «ልጅሽ ሹመት አገኘ እንዴ? በመንግሥት መኪና ሆኗል የሚመላለሰው» ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ። እውነቱን ለመናገር በእነዚያ ሳምንታት እፎይ ብያለሁ። ልጄ በዓይኔ ሥር ነው፤ ማንም አይመታውም፤ ጎደሬዬን ልጬ እጨርሳለሁ።

እሱ ግን ወደ ገበያ መሄዱን ተወ። ጠዋት ተነስቶ የተፈለጠውን እንጨት ከቤቱ በዚህ በኩል ተሸክሞ ወደዚያ በኩል ይወስዳል። ሲጨርስ መልሶ ያመጣዋል። አያንጎራጉርም። ምግብ ሳቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይገፋዋል። እንጨቱን ስደብቅበት ባዶ ጀሪካን ይዞ መመላለስ ጀመረ።

ባለ ማንጎዋ ሴት ቤቴ ድረስ መጣች።

«እህቴ፣ ምን በድዬው ነው የቀረብኝ?» አለች።

«አንቺ ምን አደረግሽው? ፖሊሶቹ ናቸው።»

«ደግሞ መቱት?»

«አይ። እየጠበቁልኝ ነው።»

ልጄ ጀሪካኑን እንደያዘ በመካከላችን አለፈ።

በማግስቱ ጣቢያ ሄድኩ። ግዙፉ ፖሊስ በረንዳው ላይ ከአንዲት ወጣት ፖሊስ ጋር ቆሟል። ሲያየኝ «እናቴ፣ ጠፋ እንዴ?» ብሎ ለመሮጥ ተዘጋጀ።

«አልጠፋም ልጄ። ላደረጋችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁን ግን ገበያ ሲሄድ ተዉት፤ አታምጡት።»

ግራ ተጋባ። «አምጡልኝ ብለው አደራ ያሉን እርስዎ ነዎት። እኛ አደራ በላ አይደለንም።»

«አልበላችሁም። ያን አደራ ፈትቼላችኋለሁ።»

«አንድ ነገር ቢሆን እኮ ፖሊስ እያየው ነው የሚባለው። መኪና ቢገጨውስ?»

መኪና ቢገጨውስ የሚለውን እኔ ከእሱ አልሰማውም፤ ይዤው ነው የማድረው። «እኔም እፈራለሁ» አልኩት። «ከሁላችሁም ይልቅ እፈራለሁ። ግን ቤት ውስጥ ሆኖ እያለቀብኝ ነው።»

ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ታዲያ ሲጠፋና ሥራ ሲሄድ በምን እንለየዋለን?» አለኝ።

ይህን በስልጠናው ቀን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ልነግራቸው አላሰብኩም። «እየተራመደ ከሆነ ሰላም ብላችሁት እለፉ» አልኩ። «አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ከያዘ ወይም ከሳቀ ያኔ ደውሉልኝ። እስክመጣ ድረስም አትንኩት፤ አጠገቡ ብቻ ቁሙ። አሁን አደራዬ ይሄ ነው።»

«ከተራመደ ማለፍ» አለ ለራሱ። ማለፍ ከማምጣት የከበደው ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ወጣቷ ዞረ። «ከሠለጠኑት ብዙዎቹ ወደ ቢጠናና ወደ ቤሌ ተዛውረዋል። እሷም አዲስ ናት፤ እኔም የምቆይ አይመስለኝም። ለእሷም ይንገሯት።»

ድካሜ ሁሉ ያኔ ተሰማኝ። አንዴ ተናግሬ የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። ስልኬን አወጣሁና ፎቶውን ለልጅቷ አሳየኋት። ንግግር አይሆንለትም፣ ሲፈራ ይስቃል ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።

ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን አውጥቼ እግሩ ሥር አኖርኩለት። ጫማውን አየ፣ እኔን አየ። ካሰርኩለት በኋላም በሩ ላይ ቆሞ መኪናው ከሚመጣበት በኩል ብዙ ተመለከተ። «ሂድ» አልኩት በወላይትኛ። ልከተለው ነጠላዬን አንስቼ ነበር፤ መልሼ ሰቀልኩት።

ያን ቀን ይዞት የመጣ ሰው አልነበረም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ በእግሩ መጣ፤ እጁ በማንጎ ተጨማልቆ ነበር። ውሃ አፈሰስኩለት። ራቱን በልቶ ቶሎ ተኛ። እኔ ጫማውን ጠርጌ በር ሥር አስቀመጥኩ። ሰኞ ጣቢያ ሄጄ ሌላ አዲስ ፖሊስ መጥቶ እንደሆነ መጠየቅ አለብኝ።