አያ ዘለቀ ሙሽራ ፍለጋ የመጡ ዕለት

ሰሞኑን ልጄ ለእንግሊዝኛ ፈተና ስታጠና ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «አባዬ፣ ‹ፌረት› ምን ማለት ነው?» አለችኝ። የማውቅ ለመምሰል ጉሮሮዬን ስጠርግ እሷው አነበበችልኝ። ፈረንጆች ጥንቸል ከጉድጓዷ እንድታስወጣላቸው የሚሰዷት ቀጭን አውሬ ናት። በጨዋታ ቋንቋ ደግሞ ግስ ሆና ሁለት ትርጉም አላት፤ ዕቃ እየገለበጡ መበርበር፣ ሰውን እየነዘነዙ ምስጢር ማውጣት።

«አውሬዋን አላየኋትም፤ ግሱን ግን ጋቢ ለብሶ ሲመጣ አይቼዋለሁ» አልኳት።

ደብረ ማርቆስ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ስማር ነው። ከገጠር የመጣን ተማሪዎች ጠላ ሻጯ እትዬ ውዴ ግቢ ተከራይተን፣ ከቤት በሚላክልን በሶና ድርቆሽ እንኖር ነበር። ጎረቤቴ ትርንጎ በሂሳብ ወንዶቹን ሁሉ የምታስለቅስ ልጅ ነበረች። ጥር ገባ፤ የማርቆስ ብርድ ሰላምታን አፍ ላይ ያደርቃል። ቤተሰቦቿ ሳይጠይቋት ሠርግ ቆረጡላትና አጎቷ አያ ዘለቀ ከጉንደ ወይን ሊወስዷት መጡ። ትርንጎ ድምፃቸውን ከበር ስትሰማ ወደ እትዬ ውዴ ጓዳ ገብታ ከጠላ ጋኖቹ ኋላ ተሸጎጠች። ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። እትዬ ውዴ ገበያ ወጥተዋል፤ የቤቱ እመቤት በሌለችበት ደግሞ የሰው ጓዳ የሚገባ ወንድ በአገራችን የለም።

አያ ዘለቀ በመጀመሪያው ትርጉም ጀመሩ። የተማሪውን ክፍል ሁሉ በረበሩ፣ አልጋ ገለበጡ፣ በበሶዬ ከረጢት ውስጥ ሳይቀር እስከ ክርናቸው ገቡ።

«አያ፣ እዚያ ውስጥ እንኳን ሙሽራ የኔ እራትም የለ።»

«ዝም በል፣ አንተ ወሬኛ!»

ቀጥለው ወደ ሁለተኛው አለፉ። ክንዴን ጨምድደው፣ «የት እንዳለች ታውቃለህ። ዳስ ተጥሏል፣ ሰው ተጠርቷል፤ ፊቴን የት ላድርገው?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህን ዝቅታ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ቀጥሎ «በማርያም ይዤሃለሁ» ይመጣል። በማርያም የተያዘ ሰው በሬውን ይሰጣል እንጂ ቃሉን አልፎ አያድርም። ከተያዝኩ ትርንጎን አወጣታለሁ።

ቀደምኳቸው።

«አያ ዘለቀ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ! ስለ ትርንጎ እንዳይጠይቁኝ!»

አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ፤ ዝንብ ገብታ፣ ልጆቿን ድራ ልትወጣ ትችል ነበር። ዱላቸውን አነሱ።

«ይምቱኝ፤ መምታት አልከለከልኩም» አልኩ።

«አንተ ሰይጣን!» ብለው፣ ዱላውን መሬት ላይ ሰክተው፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሙሽራው ሌላ አገባ። ትርንጎም ትምህርቷን ጨረሰች፤ ዛሬ ፊዚክስ ታስተምራለች።

ባለፈው ቅዳሜ አያ ዘለቀን ገበያ አገኘኋቸው። ሸምግለዋል፤ የትርንጎን መደበቂያ የማወቅ ተስፋቸውን ግን አልቆረጡም። ከሰው ነጠል አድርገውኝ፣ «እኔስ መጠየቅ አልችልም። አንተ ግን በገዛ ፈቃድህ ብትነግረኝ ምናለ?» አሉ።

«አልነግርዎትም፣ አያ።»

ምስጢር የሚያድን ሰው መልስ ሁሉ የሱ ይመስለዋል። የኔን መልስ ለማን እንደምሰጥ የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ለእናንተ ነገርኳችሁ እንጂ ለእሳቸው ሹክ የሚል ካለ፣ እሱንም በማርያም ይዤዋለሁ።