የአዴ ዲንቂ ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት ከቤታችን ፊት ለፊት ፎቅ ለሚያሠራ ሰው አንድ ገልባጭ መኪና ጠጠር አራግፎ ሄደ። ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈራችን ይህ ብርቅ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ግንባታ ነው። እኔ ግን ድምፁን ስሰማ የምለቅመውን ምስር አስቀምጬ ወደ በሩ ወጣሁ። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከክምሩ ሥር ግራጫ ውሃ እየተንጠፈጠፈ ወደ መንገዱ ይወርዳል። የልጅ ልጄ፣ «ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል» አለችኝ። እሺ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ያን ውሃ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ ገጠር ነበር። ከአየር ጤና ሰፈር ወዲህ ሰው በእግሩ ነበር የሚመላለሰው። ክረምት ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የባቄላው አበባ ሽታ እስከ ቤት ይገባል። አባቴ ከጉራጌ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ጥቂት ላሞችና ብዙ ልጆች ነበሩት። እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ታናናሾቼን ለመያዝ ነው። ከአጥራችን ማዶ አዴ ዲንቂ ይኖሩ ነበር፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጃቸውን ሰበታ የዳሩ፣ ጎመን እያበቀሉ ገበያ የሚያወጡ ሴት። እናቴ ያን ጎመን ከትፋ፣ በቅቤ ለውሳ፣ በቆጮ ስታቀርብልን ሥጋ ያማረን ጊዜ አልነበረም። እኛም እሳቸውም ጉድጓድ ነበረን። የእሳቸው ውሃ ይጣፍጣል ስለሚባል ሰው ለእንግዳ የሚቀዳው ከዚያ ነበር።

ከበላያችን ባለው ኮረብታ ላይ የጠጠር ካባ ተከፈተ። መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር፤ ጎረምሶቻችን ሥራ አገኙ። ድማሚት ሊያፈነዱ ሲሉ ብረት ይደበድባሉ፤ እኛም ልጆቹን ሰብስበን ቤት እንገባለን፤ ሳህኖቹ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ኮረብታውን ከበሉ በኋላ ወደ ታች መቆፈር ያዙና ውሃ አገኙ። ሥራቸውን እንዳያስቸግራቸው ውሃውን በሞተር እየሳቡ በቦይ ወደ ወንዙ ለቀቁት። የእኛ ጉድጓድ መጀመሪያ ደፈረሰ። ከዚያ ገመድ ቀጠልንበት። በመጨረሻ ባልዲው ድንጋይ እየመታ ጭቃ ይዞ መውጣት ጀመረ። ላሞቹ ባዶውን ገንዳ በአፍንጫቸው እየገፉ ይጮኻሉ።

ሽማግሌዎቹ ሰበቡን ሲፈልጉ ከረሙ። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፤ ሌላው ዱዓ ይደረግ አለ፤ ዱዓም ተደረገ። እኔ ግን ከብት ስነዳ በቦዩ ዳር ስለማልፍ ውሃችን የት እንደሚሄድ በየቀኑ አያለሁ።

አባቴን ይዤ ወደ ካባው አለቃ ሄድኩ። አባቴ ቆቡን አውልቆ «ጌታዬ» ብሎ ሲጀምር አላስጨረስኩትም።

«በቦይ የሚሄደው የኛ ውሃ ነው» አልኩ።

አለቃው ሳቀ። «ስምሽን ጽፈሽበታል?»

ሠራተኞቹም ተከትለውት ሳቁ። በማግስቱ የጠጠር መኪኖቹ በሚወርዱበት ጠባብ መንገድ መሃል ባዶ እንስራዬን አስቀምጬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያው ሾፌር ክላክስ ነፋ፣ ተሳደበ፣ ወርዶ ለመነኝ። አልተነሣሁም። ጥቂት ቆይቶ አዴ ዲንቂ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። የእሳቸው ጉድጓድ ገና ውሃ ነበረው። ለምን እንደመጡ ስጠይቃቸው፣ ብቻሽን ሲሰድቡሽ ደስ አይልም አሉኝ። ቆሎ ይዘው ነበር፤ ለሾፌሩም ዘገኑለት። እሱም እየተሳደበ በላ።

ከሰዓት በኋላ አለቃው ራሱ ወረደ። ሠራተኛና መሣሪያ ልኮ ጉድጓዶቹን ሊያስጠልቅልን ቃል ገባ፤ ግን በየተራ ነውና የማን ይቅደም አለ። የደረቀው የኛ ስለሆነ ፍርዱ ግልጽ ነበር። አዴ ዲንቂም ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ «የነዘይኔ ይቅደም፤ ሕፃናት አሏቸው» አሉ።

ጉድጓዳችን አለቱ ተበስቶ ከቀድሞው እጅግ ጠለቀ። በሰፈራችን ልማድ አዲስ ውሃ ሲወጣ የመጀመሪያውን ጣሳ የሚቀምሰው በዕድሜ ትልቁ ጎረቤት ነው፤ ሳይመረቅ ማንም አይጠጣም። ትልቋ አዴ ዲንቂ ነበሩ። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀመሱ፤ የቀረውን በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ረጭተው፣ አይጉደልባችሁ ብለው መረቁን። እናቴ ንፍሮ አደለች። እኔ የዚያን ቀን መሬት አልበቃኝም ነበር።

በጋው ሳያልቅ የአዴ ዲንቂ ጉድጓድ ደረቀ። ከላይ ካባው ይስባል፤ ከአጥር ማዶ የእኛ ጠልቆ ተቀምጧል፤ መሃል ላለው ምን ይቀርለታል? ጎመኑ ከሥር ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ጎመኑ ከሌለ ደግሞ እሳቸው በዚያ መሬት ላይ የሚኖሩበት ነገር የለም። አለቃው ዘንድ ሄጄ ተራው የእሳቸው ነው አልኩት። መሣሪያው ተበላሽቷል አለኝ። ሌላ ጊዜ ስሄድ ሠራተኞቹ ሌላ ካባ ተልከዋል አለኝ። ተመለስኩ። እንስራዬን ይዤ መንገዱ ላይ አልተቀመጥኩም። ነገ እቀመጣለሁ እል ነበር። ቤት ስገባ ግን ገንዳው ሙሉ ነው፤ ላሞቹ ተኝተው ያመሰኳሉ፤ የታናናሾቼ እግር ታጥቧል። ንዴቴን ብፈልገው አጣሁት። ጥም ሲለቅ ንዴትንም ይዞ እንደሚሄድ ያኔ አላውቅም ነበር።

በምትኩ ከጉድጓዳችን ውሃ እየቀዳሁ እወስድላቸው ጀመር። ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለጎመን አይበቃም። አንድ ቀን ሸክሜን ሳወርድ አዴ ዲንቂ የደረቀውን ጎመን እየነቀሉ ነበር። ቀና ብለው እንስራውን አዩና ቁጣ በሌለው ድምፅ፣

«ዘይኔ፣ ውሃዬን ነው የምታመጪልኝ?» አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ተቀብለው አመሰገኑኝ። ክረምቱ ሳይገባ መሬቱን ለዘመድ ትተው ሰበታ ልጃቸው ጋ ሄዱ። ሲሰናበቱ አባቴን፣ ውሃውን ለጎረቤት አትከልክል ብቻ አሉት።

ሰበታ ሩቅ አይደለም። ልጠይቃቸው እያልኩ አግብቼ ወለድኩ፤ የሄድኩት ለለቅሷቸው ነው። ልጃቸው ማንቆርቆሪያ ይዛ ልታስታጥበኝ ስትጎነበስ እጄን መዘርጋት አቃተኝ። ታጥቤያለሁ ብዬ ዋሸኋት።

ዛሬ ካባው በነበረበት ገደል አፋፍ ላይ ቤት ተሠርቷል፤ የእኛም ጉድጓድ ተደፍኗል። እኔ አሁንም በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ዝም የማልል ሴት ነኝ፤ በወረፋ ቦታ ሰው ተራ ሲዘል አንገቱን ይዤ እመልሰዋለሁ። ጎረቤቶቼ ፍርድ አዋቂ ነሽ ይሉኛል። ስሰማው ፊቴን አዞራለሁ። መንገድ መዝጋቴ ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እዘጋለሁ። ግን ያን ቀን የተቀመጥነው ሁለት ሆነን ነው። እኔ ውሃ ሳገኝ ተነሣሁ።