የሐጂ ጉርሻ በግራ እጅ

በቆሎ ተማሪነቴ የውሻ ጥርስ ቀምሻለሁ፤ አላማረርኩም። ዳዊት ስደግም አንዲት ቃል ብትዘልለኝ የኔታ ጀርባዬን ይገርፉት ነበር፤ አላማረርኩም። በመምህርነት ዘመኔ መኪና ጠፍቶ ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ ዝናብ እየወረደብኝ በእግሬ ወርጃለሁ፤ ያን ጊዜም ቢሆን «እህ» አላልኩም። ባለፈው እሑድ ግን በወዳጄ በሐጂ ሰይድ ሳሎን ውስጥ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ...

የነገሩ መነሻ ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝ ካሜራ ነው። የእንጨት ሥራ ነው፤ እንደ አኮርዲዮን እየተሳበ ይዘረጋል፤ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ነው የሚያየው። ፊልሙም ጥቅል አይደለም። እንደ ብራና አንድ አንድ ቅጠል ሆኖ ይመጣል፤ እያንዳንዱን ቅጠል ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ፣ በጣት ዳሰሳ ብቻ፣ ከስስ መያዣው ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ ጓዳ ገብቼ የበሩን ስንጥቅ በጋቢ ወተፍኩና ሥራዬን ጀመርኩ። ቅጠሉን ስዳስስ በቀኝ በኩል ጠርዙ ላይ ሽርፍ ሽርፍ ያለ ነገር ጣቴን ነካኝ። ሌላውንም ዳሰስኩ... እሱም ሽርፍ! «ልጄን አታልለው የተበላሸ ሸጡላት» ብዬ ተበሳጨሁ።

ቀኝ የክብር ቦታ መሆኑን በአለንጋ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንከን በቀኝ ሲቀመጥ አላይም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቅጠል እየገለበጥኩ ሽርፍራፊውን ወደ ግራ አዞርኩት። በጥንቃቄዬም እጅግ ኮራሁ።

ኮምቦልቻ የሚኖሩት ሐጂ ሰይድ የጎረምሳነት ዘመን ወዳጄ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ዘሀራ ልትዳር ነው፤ የሙሽራው አባት ደግሞ ደጋን ከተማ ቁርአን እያስቀሩ ልጅ የሚያስተምሩ ሼህ ናቸው። ሼሁ የኒካሁን ቀን ሊቆርጡ ሲመጡ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ግርማ ያለው ፎቶ እንዲያዩ ሐጂ ፈለጉ። እኔም «የስልክ ፎቶ ምን አለው! ለእኔ ይተዉት» አልኩ።

ሐጂ የመረጡት አቀማመጥ ባለቤታቸውን እትዬ ዘይነባን ሲያጎርሱ ነበር። ካሜራው ደግሞ ችኮላ አይወድም።

«ሐጂ፣ እንዳይንቀሳቀሱ!»

«አንቱ መምህር፣ እጄ ዛለ እኮ!»

«ትንሽ ነው የቀረን፤ ይታገሡ።»

እትዬ ዘይነባ አፋቸውን እንደከፈቱ ቆይተው ቆይተው፣ «ወይ ያጉርሱኝ ወይ ይተዉኝ፤ ምራቄ አለቀ!» አሉ። ዘሀራ በሳቅ ብዛት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

ፊልሙን አጥቤ አተምኩት። ፎቶው ደብዘዝ ብሏል፤ «ይህ ግርማ ነው» ብዬ አለፍኩት። የሁለቱን ፊት ብቻ እያየሁ ተደሰትኩ፤ ፍሬም ውስጥ አስገባሁት፤ እሑድ ጠዋት በነጠላ ጠቅልዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ሐጂ በገዛ እጃቸው ሰቀሉት። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው አዩት... ተመልሰው ቀረቡና ጣታቸውን አሳረፉበት።

«መምህር... ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የእርስዎ ነው እንጂ!»

«የትኛው እጄ?»

አየሁ። ሐጂ ሰይድ፣ ልጆቻቸውን ሁሉ «በቀኝህ ብላ፣ በቀኝሽ ብይ» እያሉ ያሳደጉት ሐጂ፣ ሚስታቸውን በግራ እጃቸው እያጎረሱ ነው! ሼሁ ደግሞ ደጋንን ለቀው መንገድ ላይ ናቸው።

ለልጄ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥላ ሳቀች።

«አባዬ፣ ሽርፉ እንከን አይደለም እኮ! በጨለማ የፊልሙን ፊት በጣት የሚለዩበት ምልክት ነው። በቀኝ በኩል ሲሆን ፊቱ ወደ እርስዎ ነው ማለት ነው። በጀርባው ካነሱ ግራና ቀኙ ይቀያየራል። ገለበጡት እንዴ?»

ገለበጥኩት። ቀኝን ላከብር ብዬ የሐጂን ቀኝ ግራ አደረግሁት!

ፎቶውን ላወርድ ወንበር ላይ ስወጣ በሩ ተንኳኳ። ሼሁ ከሽማግሌዎቹ ጋር «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ገቡ፤ ከፎቶው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ምግብ ቀረበ። ሼሁ ግን ዐይናቸው ግድግዳው ላይ ነው፤ መነጽራቸውን አወጡ...

«ሐጂ፣ እዚህ ቤት በግራ ነው እንዴ የሚጎረሰው?»

ዘሀራ ከጓዳው በር ላይ ትሪ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔ «ፊልሙ ተገልብጦ ነው!» አልኩ፤ ነገር ግን ለራሴ ጆሮ እንኳ የሰነፍ ተማሪ ምክንያት መሰለኝ።

ሐጂ ብድግ አሉ። «ወላሂ ዛሬ ምስክር ሳላደርግዎ አልቀመጥም!» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለሉና ሼሁን አጎረሷቸው።

«በየትኛው ነው?»

ሼሁ አፋቸው ሞልቶ መናገር አቃታቸው፤ በጣታቸው ብቻ ወደ ቀኝ ጠቆሙ። ሐጂ ወደ ቀጣዩ ሽማግሌ አለፉ።

«በየትኛው ነው?»

«በቀኝ!» አለ ቤቱ በሙሉ።

እንዲህ እያሉ ሁሉንም አዳረሱ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ይቺ ደግሞ ለፎቶ አንሺው!» አሉ። ያቺን ጉርሻ እንዴት እንደዋጥኳት ፈጣሪ ያውቃል! ሼሁ በሳቅ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ እንባቸውን ጠረጉ።

«መምህር፣ እኔንም ያነሱኛል። ሁለቱንም እጄን ግን ኪሴ እከታለሁ» አሉ።

የኒካሁ ቀን እዚያው ተቆረጠ።

በማግስቱ ፊልሙን ገልብጬ እንደገና አተምኩ፤ ቀኝም ቀኝ ሆነ። ሐጂ ግን የመጀመሪያውን አላወርድም አሉ፤ እንግዳ በገባ ቁጥር እያሳዩ ያጎርሱበታል።

ስለዚህ በሕይወቴ ሳለሁ ኑዛዜዬን በግልጽ ልጻፈው፦ ካሜራው ለልጄ ይመለሳል፤ ያቺ የፊልም ቅጠል ግን የዘሀራ ናት፤ አያቷን ቢሻት በቀኝ፣ ቢሻት በግራ እያጎረሱ ታትማቸው።