ሽማግሌ የሚቀመጥበት ሶፋ

ሶፋችንን ከቤት ያስወጣሁት ሌላ ሶፋ ሳልገዛ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው በመላው ሰበታ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ዓርብ ጠዋት፣ ገና ፀሐይ ግቢያችን ሳትገባ፣ የኋላዋን ክፍል የተከራየችውን ልጅ ጠርቼ «ነይ እስቲ፣ በዚያ በኩል ያዥልኝ» አልኳት። ከወላይታ መጥታ እዚሁ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ጠዋት ማታ መዝሙር ከአፏ የማይለይ ጴንጤ ናት። ክፍሏ ውስጥ ከፍራሽና ከባልዲ በቀር ዕቃ አልነበራትም። እየጎተትን ደጅ ካደረስነው በኋላ «የት እናድርገው እትዬ?» ስትለኝ «አንቺው ጋ ይግባ፣ ሰጥቼሻለሁ» አልኳት። ልጅቷ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እኔ ግን የታየኝ መገላገሌ ብቻ ነበር።

እሁድ ሽማግሌ ሊላክብን ነበር። ያለችኝ አንድ ሴት ልጅ ናት። የሚጠይቃት ልጅ ቤተሰቦች አዲስ አበባ ውስጥ የደላቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን ልጄ ሳታስበው የሳሎናቸውን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሶፋቸው የእኛን ሳሎን ያክላል። «አባት የላትም፣ ቤታቸውም ባዶ ነው» ብለው ልጄን ገና ከደጁ ዝቅ አድርገው ቢያዩዋትስ? ይሄ ነበር ሆዴን የሚበላው፤ ሌላ አልነበረም።

የእኛ ሶፋ ደግሞ ጉዱ ብዙ ነው። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መንገድ ላይ ተቀምጦ ውሎ ተቀምጦ አድሮ፣ ቤት ሲገባም ያው መቀመጥ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ቦታ የእሱ ነበር። ካረፈ አራት ዓመት ቢያልፈውም ቦታው እንደጎደጎደ ቀርቷል፤ ሳያውቅ የተቀመጠበት እንግዳ ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል። እኔ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪና ስረግጥ የኖርኩ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ እግሬ ማረፍ አያውቅም። «ኧረ ሴትዮ፣ ቁጭ በይ!» ይለኝ ነበር ቀኑን ሙሉ። «እኔ ቁጭ ካልኩ ይሄ ቤት በምን ይቆማል?» እለው ነበር።

ልጄ ነግራኝ ነበር። «እማዬ፣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው፤ እሺ ካላላችሁት መች ይቀመጣል? ምን አስጨነቀሽ?»

«ቆሞ ይጠይቃል፣ ቁጭ ብሎ ያማል!» አልኳት።

መጀመሪያ የሄድኩት ሱሉልታ ነው። ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚለጥፉበት አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ እሱ ላይ አፍጥጬ አድሬ ሁለት ሶፋ መርጬ ነበር፣ አንዱ ሱሉልታ አንዱ ቡራዩ። ሱሉልታ የደረስኩት ሦስት ታክሲ ቀይሬ፣ የእንጦጦ ብርድ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ነው። ፎቶውና ሶፋው አይተዋወቁም። ፎቶው ላይ ቡናማ የነበረው ቦታው ላይ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ክንዱን ድመት ቧጥጦት ስፖንጁ ወጥቷል። ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ዛሬ ካልወሰድሽው ነገ አታገኚውም» አለኝ። «አይዞህ፣ ለዓመትም ይቆይሃል» ብዬው ወጣሁ።

ወደ ቡራዩ የሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ልጄ ደወለች።

«እማዬ፣ ሶፋው የት ሄደ?»

«ለኋላዋ ልጅ ሰጠኋት።»

ቀስ ብላ «የአባዬን ሶፋ?» አለችኝ።

«ታዲያ ያንቺን ሽማግሌ ምን ላይ ላስቀምጠው!» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ማፍሰሴ ራሱ ገና አልገባኝም ነበር። እግሬ የታክሲውን ወለል ይመታል፣ ጎኔ ያለው ሰውዬ ጉልበቱን ይሰበስባል።

ቡራዩ ያለው ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የድሮ ባለርስት ቤት ነው። በሩን የከፈተችልኝ በዕድሜ የእኔ ታናሽ የምትሆን ሴት ናት፤ «አካም ጅርቱ፣ ግቢ እህቴ» ብላ አስገባችኝ። ሳሎኑ ውስጥ ግማሹ ዕቃ በካርቶን ታስሯል። ሶፋው እዚያ ነበር። አምላኬ! እግሩ ዋንዛ ነው፣ ጨርቁ ቀይ ዳማ፣ ክንዱ ሰፊ፣ ሳሎናችን ውስጥ ገብቶ ልኩን የሚሞላ። እሁድን በዓይኔ አየሁት፤ ሽማግሌዎቹ ተደርድረውበት፣ ልጄ ቀና ብላ ስትገባ።

ሶፋው ላይ ግን ሰው ነበር። የሴትየዋ አባት፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አንዱ ጥግ ተቀምጠዋል። በደጅ የሚያልፈው ሁሉ በመስኮት «ኦቦ» እያለ ሰላም ይላቸዋል፣ እሳቸውም እጃቸውን ያነሳሉ። እንዳየው ይነሱልኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ፤ አልተነሱም።

«እህቴ፣ ሌላ ገዢ ከአስኮ ተነስቷል፤ የጭነት መኪናም ይዟል» አለችኝ ሴትየዋ። «ቶሎ ከወሰንሽ ያንቺ ነው። ቀድሞ የከፈለ ይወስዳል።»

ዕቃ ሲገዛ እንዴት እንደሚኮን አውቃለሁ። የወደዱትን ያጣጥላሉ። ዞርኩት፣ እግሩን በጫማዬ መታ መታ አደረግኩ፣ ክንዱን ነቀነቅኩ። ምንም አጣሁለት። በመጨረሻ ከሽማግሌው ጎን ያለውን ቦታ በእጄ ስጫነው ገባ። ዋጋ ማስቀነሻ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

«ይሄ ወርዷል!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ስፕሪንጉ ሞቷል፣ አይታችሁታል?»

«የሞተው ስፕሪንጉ አይደለም» አሉ ሽማግሌው፣ በመስኮት እያዩ። «የቦታው ባለቤት ናት የሞተችው።»

ክው አልኩ። እጄን ከሶፋው ላይ አነሳሁ። ሴትየዋ «አባ!» አለች።

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ታኢ» አሉኝ፣ ቦታውን በከዘራቸው እያሳዩኝ። «ታኢ፣ ተቀመጪ ልጄ። በሬ እንኳ ሳይራመድ አይገዛም።»

ተቀመጥኩ። ሰመጥኩ። አንድ ጎኔ ዝቅ ብሎ ወደ እሳቸው አዘነበልኩ። ይህን መዘንበል አውቀዋለሁ። ማታ ማታ ሥራ ጨርሼ አንድ አፍታ ጎኑ ጠጋ ስል ሰውነቴ በራሱ ወደዚያው ጉድጓድ፣ ወደ ባሌ ትከሻ ይንሸራተት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ቦታውን በጨርቅ ስወለውል ኖሬ አንድ ቀን አልተቀመጥኩበትም።

«የነበረሽንስ ሶፋ ምን አደረግሽው?» አሉኝ።

«ሰጠሁት።»

«ባልሽ ምን አለ?»

«የለም፣ አባባ። አርፏል።»

«እኔም ነገ ሰንዳፋ ልሄድ ነው፣ እሷ ቤት» አሉ ልጃቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ቤቷ ጠባብ ነው። ለእኔ ቦታ አለ፤ ለእናቷ መቀመጫ ግን ቦታ ጠፋ።» ቅሬታ አልነበረበትም አነጋገራቸው፤ እንዲያው የዝናብ ወሬ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ሴትየዋ ፊቷን ወደ ካርቶኖቹ አዞረች።

ስልኳ ጮኸ። «አስፋልቱ ጋ ደርሷል» አለችኝ። «እህቴ ወስኚ፤ ትወስጂዋለሽ ወይስ ይምጣ?»

ያን ጊዜ ያለፈብኝን ለጠላቴ አልመኘውም። አእምሮዬ ግዢ ይላል። እሁድ ከነገ ወዲያ ነው፤ ቤቴ ባዶ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አላገኝም። «ያዝኩት» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ግን ያልተባረከ ዕቃ ቤቴ አስገብቼ አላውቅም፤ ምጣድም ብገዛ ባለቤቱ ይባረክልሽ ካላለኝ አልወስድም።

«አባባ፣ ብገዛው ይባረክልሽ ይሉኛል?» አልኳቸው።

«እላለሁ እንጂ፤ ምን ቸገረኝ» አሉ። «ግን መጀመሪያ ልነሳ። ተቀምጬበት እያለሁ አፌ እሺ አይለኝም።» ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ለመነሳት ተንጠራሩ። አንዴ ሞክረው ተመለሱ፤ ደግመው ሞከሩ።

እጃቸውን ያዝኳቸው። «አይነሱ አባባ። አይነሱ» አልኩ። «አልገዛም።»

«የማትገዢ ከሆነ ለምን ሰው ታደርቂያለሽ!» አለች ልጃቸው። እውነቷን ነው። ሌላ ቀን ቢሆን አፍ እንደማላጣ ግልጽ ነው፤ ያን ቀን ግን «ይቅር በይኝ» ብቻ ብዬ ወጣሁ። መታጠፊያው ላይ አንድ ባዶ አይሱዙ ወደ ግቢው ሲገባ ተላለፍን። ዞሬ አላየሁም።

ከቡራዩ ሰበታ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። አንዱ ታክሲ አልሄድ ሲል ወርጄ ሌላ እሳፈራለሁ፣ ያኛው ጥሎን ያልፋል። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው፤ ያውም ለድሃ ልጅ፣ ያውም በዕለቱ። አፈር ልብላ፣ እጠይቃታለሁ አልኩ። ሌላ እገዛልሻለሁ እላታለሁ። እለምናታለሁ። ሽማግሌ ጉልበቱ አገጩ ቢደርስ ይድረስ፣ ቢያማም ይማ! ይህን ብቻዬን እያልኩ ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ አልሰማሁትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የግቢያችንን በር ስከፍት ከኋላ በኩል የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ሶፋው ደጅ ላይ በጀርባው ተገልብጧል። ልጅቷ ሚስማር በመዳፏ ይዛ ቆማለች፤ እንጨት ቤት የሚሠራ የቤተ ክርስቲያኗ ልጅ የመጨረሻውን ጣውላ እየመታ ነው።

«እትዬ! በሰዓቱ መጡ!» አለች እየሳቀች። ሁለቱ ቀና አደረጉት። «ያ የጎደጎደው ቦታ ተስተካከለ። ከሥሩ ጣውላ አስደገፍንለት፣ አዲስ ስፖንጅ ጨመርንበት። ልጅዎ ስታለቅስ ሰማኋትና ለምን ስላት ሽማግሌ እንደሚመጣ ነገረችኝ። እስከ ሰኞ እርስዎ ጋ ይሁን። እንደ አዲስ ሆኖ እንግዶቹ ይቀመጡበት ብዬ ነው።»

መዳፌን በመስኮት በኩል በነበረው ቦታ ላይ አሳረፍኩ። ተጫንኩት። ደግሜ በክርኔ ተጫንኩት። ጠንካራ ነው፣ ደልዳላ፣ ከሌላው እኩል።

«አልወደዱትም እትዬ?» አለች ልጅቷ፣ ፊቷ እየተለወጠ።

«ወድጄዋለሁ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተባረኪ።» ከዚያ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ሄጄ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። ባሌ ሲሞት እንኳ እንዲህ ብቻዬን አላለቀስኩም፤ ያን ጊዜ እንግዳ ነበረ፣ ምግብ ነበረ፣ የሚያሯሩጠኝ ነገር ሞልቶ ነበር።

እሁድ ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው መጡ። ሦስት ናቸው። «ተቀመጡ» ስንላቸው «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ልጄ እንዳለችው ሳሎኑ መሀል ቆሙ። ሶፋውን ቀና ብሎ ያየው የለም። የሚያዩት እኔንና ወንድሜን ነበር። ትልቁ «ልጃችንን ልጅ አድርጉልን» ብለው በወግ ጠየቁ፣ ወንድሜ በልጄ አባት ቦታ ቆሞ በወግ መለሰ። እሺታችንን ሲሰሙ እልል ተባለ።

ያኔ ነው የተቀመጡት። ትልቁ ሽማግሌ ሄደው ሄደው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። እኔና ልጄ በሩ ጋ ጎን ለጎን ቆመን ያን ቦታ እናያለን። አልሰመጡም። ጉልበታቸው እንደ ማንም ሰው ጉልበት ነው። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ተሰማኝ።

«መልካም ሶፋ ነው» አሉ ክንዱን መታ መታ እያደረጉ። «አዲስ ነው?»

«የአባቷ ነው» አልኩ።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሱና ቦታውን አዩት። ትንሽ ፈቀቅ ብለው ጎናቸውን ለቀቁ። «እንግዲያው እናቲቱስ ለምን ይቆማሉ?» አሉ።

«ውሃ ላምጣ፣ ምግቡን ልይ፣ እናንተ ብቻ» አልኩ፤ እግሬ ወደ ጓዳ ተነስቶ ነበር። ልጄ ክንዴን አልለቀቀችም። ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ፣ ከሷ ሰምቼው በማላውቀው፣ በአባቷ ድምፅ፣

«ኧረ ሴትዮ፣ ቁጭ በይ!» አለችኝ።

ሄጄ ቁጭ አልኩ።