የዘይነብ ሃያ አምስት ሄክታር

«ልጄ፣ ሃያ አምስት ሄክታር በሁለት በሬ ነው እንዴ ያረስኩት?»

ዛሬ ሀብሩ ላይ አቶ ሁሴን ተማሪዬ የሆነችውን ልጃቸውን ዘይነብን እንዲህ ሲሏት፣ ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የማስጠናቸው ልጆች በሳቅ ፍርስ አሉ።

የአባቷን ማሳ በገመድ ስትለካው ሃምሳ ሜትር በሃምሳ ሆነ። ሁለት ሺህ አምስት መቶውን ካሬ ሜትር ወደ ሄክታር ስትቀይር ግን ለመቶ አካፈለችው። (መቶ የምትባል ቁጥር ለሁሉም መድኃኒት ናት!)

«እስቲ አንድ ሄክታር በገመዱ አሳዪኝ» አልኳት።

መቶ ሜትር በመቶ ለመለካት የጎረቤት ማሳ ውስጥ ገባች። «ለካ አሥር ሺህ ካሬ ነው! የእኛ ሩብ ሄክታር ነው!»

«በይ፣ አሁን መሬቴን በልኩ መለስሽልኝ» አሉ አባቷ።

አንዳንድ ወላጆች «ፈተና ደርሷል፤ ማሳ ላይ ጭቃ ማስረገጡን ካልተዉ ልጆቻችንን ከጥናቱ እናስወጣለን» ብለውኛል። አልተውም። አንድ ተማሪ ብቻ ቢቀረኝም ገመዴን ይዤ እወጣለሁ።

እናንተስ፣ ሸምድዳችሁት ሳይገባችሁ፣ በእጃችሁ ስትሠሩት የገባችሁ ምንድን ነው? ጻፉልኝ፤ ለወላጆቹ አነብላቸዋለሁ።