የእረኛ ምግብ ከምን ጋር ይበላል?

ከሐዋሳ ወደ ነገሌ ቦረና የተነሳሁት ለአንድ እንግሊዛዊ ምሳ ልሠራ ነው። ይህን ስነግራት ባለቤቴ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?" አለችኝ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቶምና ሚስቱ ጄን ሊበን ወረዳ ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ለእረፍት ሐዋሳ ሲመጡ እኔ ወጥ ቤት በምሠራበት የእንግዳ ማረፊያ ነበር የሚያርፉት። ጄን ከሞተች ወር አልፏል። ጎረቤታቸው ኦቦ ጃተኒ ደወሉልኝና፣ "ቶም እህል አልቀምስ ብሏል። ዓይናችን እያየ ሊያልቅ ነው። ያገሩን ምግብ የምታውቅ አንተ ነህ፣ ናልን" አሉኝ።

ያገሩ ምግብ ያሉት እኔ "የእረኛ ምግብ" ብዬ የተረጎምኩትን ነው። የተፈጨ የበግ ሥጋ በሽንኩርትና በካሮት ይበስላል፤ ከላዩ በቅቤ የተደቆሰ ቅቅል ድንች ይለበስና ይጋገራል። ባልና ሚስቱ በየእሁዱ ይጣሉበት ነበር። እሷ አብሮት አተር ካልቀረበ ምግብ አይደለም ትላለች፤ እሱ ደግሞ ጥቅል ጎመን ነው ባይ ነው። እኔ የአተር ወገን ነኝ። ጎመን ውኃ ያቆራል፣ መረቁንም ያበላሻል፤ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ሀገረ ሰላም፣ ረፋድ ላይ

አውቶቡሳችን ጉም ውስጥ ቆመ። መንገድ ዳር ሴቶች እሸት አተር ይሸጣሉ። ሁለት ጣሳ ገዝቼ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት። አጠገቤ የተቀመጠው መምህር፣ "ነገሌ ድረስ አተር ተሸክመው?" ብሎ ሳቀብኝ። ለታመመ ሰው ነው ስለው ቦርሳውን አንስቶ ለአተሩ ጥላ ያለበት ቦታ ለቀቀልኝ።

ክብረ መንግሥት አድሬ፣ ጠዋት ከገበያው ድንችና ካሮት ገዛሁ። ጥቅል ጎመንም ነበረ፤ አይቼ አለፍኩት። ዋደራን ስናልፍ ብርዱ ቀረ፤ መሬቱ ቀላ፣ ግራርና ኩይሳ በዛ። አንድ ቦታ ከብቶች መንገዱን ሞልተው ሲያቋርጡ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። እኔ ግን የቶም ነገር ስላስጨነቀኝ ላሞቹን በሆዴ ረገምኳቸው።

ነገሌ

ቶምን ሳየው ደነገጥኩ። የለበሰው ሸሚዝ የሌላ ሰው ይመስላል። "እንኳን መጣህ" አለኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቤቱ ሰው አልጎደለበትም። ሁሉም ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንዳልክ"፣ "እንደፈቀድክ" ይለዋል።

የዳቦ ምድጃ ስለሌለ ድስቱን ከሰል ላይ ጣድኩና ክዳኑም ላይ ፍም ደረደርኩ። የኦቦ ጃተኒ ባለቤት አዴ ሎኮ ቆመው ያዩኛል።

"ስሙ ማነው?"

"የእረኛ ምግብ።"

"የቲክሴ? ይሄን የሚበላ እረኛ የት አለ?" አሉና ባላቸውን ጠሩ።

ምግቡን ከአተሩ ጋር ቶም ፊት አቀረብኩ። አልነካውም። ኦቦ ጃተኒ ሳህኑን ትክ ብለው አዩት።

"እኔ ቲክሴ ሆኜ ነው ያደግኩት። ድንች መብላት ቀርቶ አላየሁም። የእረኛ ከሆነ አናኑ የታለ? ወተት ሳይኖረው ምኑ የእረኛ ነው?"

"ወተቱ ይቆይ" አሉ አዴ ሎኮ። "ያለ እንጀራ ሥጋ እንዴት ይወርዳል?"

"እንጀራም ወተትም አይሄድም! አተር ነው የሚሄደው!" አልኩ። ጮኬ ነበር።

"ለእንግሊዝ ምግብ አንተን ማን ዳኛ አደረገህ?" አሉ ኦቦ ጃተኒ። ሐዘን ቤት መሆናችንን ሦስታችንም ረሳን።

ቶም ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። "አተር የጄን ነው! የሚሄደው ጥቅል ጎመን ነው! ሠላሳ ዓመት ነገርኳት፣ ሠላሳ ዓመት እምቢ አለችኝ!"

መግቢያ ጠፋኝ። የቶም ዓይን እንባ ሞላ።

"ከሞተች ወዲህ እምቢ ያለኝ ሰው የለም" አለ። "ያልኩትን ሁሉ እሺ ነው የምትሉኝ።"

ኦቦ ጃተኒ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አድርገው፣ "እንግዲያው እኔ እምቢ ብያለሁ። ጎመን የከብት ነው። በአተር ብላ" አሉት።

ቶም ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁትም። ማንኪያውን አነሳና "ስህተት ነው" እያለ አንድ ጎረሰ። ሁለተኛውንም "ስህተት ነው" እያለ ጎረሰ። አዴ ሎኮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በሻሻቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

ሦስት ቀን ቆየሁ። በየምሳው ተጣላን፤ በየምሳው በላ። ሲሸኙኝ ኦቦ ጃተኒ "ናጋቲ" ብለው ተሰናበቱኝና እጄን ጨብጠው፣ ቶምን የሚከራከረው ሰው እንደማያሳጡት ነገሩኝ።

ሐዋሳ

ቤቴ የገባሁት ለምሳ ነው። ባለቤቴ "ምን ላቅርብልህ?" አለችኝ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ መልሴ "ደስ ያለሽን" ነበር፤ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

"ሽሮ" አልኳት። "ቃሪያ ከጎኑ ይኑር። የቲማቲሙን ሰላጣ ግን አልፈልግም።"

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

"ሽሮ ያለ ቲማቲም? በእኔ ቤት?" አለችና ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።