ቀንዳሙ ዓሣና የአከራዬ ክብሪት

ክብሪቱ ተጭሯል። ማንደጃው ላይ ያሉት ደግሞ ከመምህሬ የተዋስኳቸው፣ ታትመው በእጅ ቀለም የተቀቡ፣ በዕድሜ ቅድመ አያቴን የሚበልጡ የባሕር ዓሣ ሥዕሎች ናቸው።

ይህ የሆነው ዛሬ ከሰዓት ነው።

ከሾላ ገበያ ተመልሼ ወሰን ሰፈር ያለውን ግቢያችንን ስከፍት አከራዬ እትዬ አልማዝና የጸሎት ጓደኛቸው በረንዳው ላይ "በኢየሱስ ስም!" ይላሉ። ዝናብ ሲመጣ ያሰጣሁትን ልብስ ሊያስገቡልኝ ክፍሌ ገብተው ነው ሥዕሎቹን ያዩት፤ ቀንዳሙ ሰይጣን መስሏቸዋል።

"እትዬ፣ በፈጠረዎት! ዓሣ ነው!" ብዬ ወደ ማንደጃው ሮጥኩ።

"ቀንድ ያለው ዓሣ የት አገር አለ? አንቺ ልጅ፣ ማን ነው ይሄን የሰጠሽ?" አሉኝ ክብሪቱን እንደያዙ።

"የባሕር ዓሣ ነው! እኛ የምናውቀው የሐይቁን ነው።"

ክብሪቱ ጣታቸውን ሲፈጃቸው መሬት ላይ ጣሉት። (ጸሎቱ የሠራው ለእኔ ነው መሰለኝ።)

"ባሕሩንም የፈጠረው ጌታ ነው እኮ፣" አሉ ጓደኛቸው ቀስ ብለው።

እትዬ ሥዕሎቹን መለሱልኝ። "ብቻ ስትተኚ የቀንዳሙን ፊት ወደ ግድግዳ አዙሪው" አሉኝ። ክፍሌ ገብቼ ሳቅሁባቸው።

አሁን መሽቷል፣ መብራትም ሄዷል። በስልኬ ብርሃን ያ ቀንዳም ዓይኑን ከእኔ አይነቅልም።

አዞርኩት።

እናንተስ፣ የሳቃችሁበት ፍርሃት ተከትሏችሁ ቤት ገብቶ ያውቃል? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን ነኝ።